ሥጋ የመሰለው ጥፍር

አስካለ እጇን ከሥጋው አውጥታ በረዶ ወደተጨመረበት ውሃ ስትነክረው የቀኝ አውራ ጣቷ ቀለል አላት። ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀና አድርጋ አየችው። ትናንት የለጠፈችው አርቴፊሻል ጥፍር የለም። በቦታው የራሷ ጥፍር፣ በረኪና ያገረጣው፣ ጫፉ የተሸራረፈው፣ ራቁቱን ቀርቷል።

መጀመሪያ ውሃውን ፈተሸች። በረዶውን በጣቷ እየገፋች የሳህኑን ታች ዳበሰች። ከዚያ ጠረጴዛውን፣ ከዚያ የለበሰችውን ሽርጥ፣ ከዚያ ተንበርክካ የወጥ ቤቱን ወለል አየች። የለም። የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከፊቷ የተቀመጠው ትልቁ ጎድጓዳ ሳህን። በውስጡ ለምሳ የምታሸው ኪቤ አለ፤ እንደ ሊጥ እስኪልም የተፈጨ የበግ ሥጋ ከተከካ ስንዴ ጋር። ይህ ኪቤ ደግሞ እሳት አያየውም። በጥሬው ሳህን ላይ ተዘርግቶ፣ የወይራ ዘይት ፈሶበት፣ በናና ቅጠልና በሽንኩርት ይበላል።

ክው ብላ ቀረች።

ዐረብ አገር፣ ባዕብዳ ኮረብታ ላይ ባለው በዚህ ቤት ኪቤውን ቀድመው የሚቀምሱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ የአሠሪዋ የማዳም ሪታ ትንሿ ልጅ ማሪያ ናት። የሳህን ኮሽታ በሰማች ቁጥር በባዶ እግሯ እየሮጠች ትመጣና ጣቷን ትሰዳለች። ሌላዋ ቴታ ናቸው፤ የማዳም እናት። ጥርሳቸው ስለሳሳ ኪቤውን ሳያላምጡ ነው የሚውጡት። አስካለ ያ ጠርዙ ስለታም የሆነ ፕላስቲክ የልጅቷ ጉሮሮ ላይ ሲሰነቀር ታያት። ከዚያ የቴታ ጉሮሮ ላይ።

ብትናገርስ? አርቴፊሻል ጥፍር ለሠራተኛ ክልክል መሆኑን ማዳም የነገረቻት ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ነበር። ዛሬ ደግሞ የጓደኛዋ የጦይባ ሠርግ ነው። ሁለቱ የተዋወቁት የከተማው ወደብ አጠገብ ፊት ለፊት ባሉ ሕንፃዎች ሲሠሩ፣ ከበረንዳ በረንዳ በእጅ ምልክት እያወሩ ነው። ወደቡ የፈነዳ ዕለት አስካለን ከመስታወት ስብርባሪ ውስጥ ጎትታ ያወጣቻት ይህችው የኮምቦልቻ ልጅ ናት። አሁን ካራንቲና በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ ሙሐመድጣሂር የሚባል አናጺ ታገባለች፤ አስካለም ሚዜዋ ናት። ማዳም ከተቆጣች በሩ ይቆለፋል፤ በሩ ከተቆለፈ ሠርጉ ያመልጣታል።

ጥፍሩም የመጣው በዚሁ ሠርግ ምክንያት ነው። «እኔ ሒና አለኝ፣ ለሶላት ውዱእ ሳደርግም ይመቸኛል» ብላ ነበር ጦይባ ለሚዜዎቿ በላከችው የድምፅ መልእክት። «እናንተ ግን ያን በረኪና የበላው እጃችሁን ይዛችሁ ፎቶዬ ውስጥ እንዳትገቡብኝ! እናቴ ስታየው ሠርግ ሳይሆን ልብስ አጠባ የተጠራችሁ ነው የሚመስላት።» ለአስካለ አጭርና ሥጋ መሳይ ቀለም ያለው ጥፍር መረጠችላት፤ ማዳም እንዳታየው።

ጦይባ እሁድ እሁድ የጓደኞቿን ጥፍር ስለምትሠራ አሠራሩን አንድ በአንድ ነው ያስረዳቻት። ጥፍር መለጠፍ ከሩቅ ሲያዩት ማስቲሽ ቀብቶ መጫን ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን እንዴት ደስ የሚል ጥበብ አለው! በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ጣት ልኩ ይፈለጋል፤ ሰፍቶ ቆዳ ላይ ከወጣ ቆዳው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይገፋዋል። ከዚያ የራስን ጥፍር በሞረድ ለስለስ አድርጎ ማሻሸት ነው፤ ልሙጥ ነገር ላይ ማስቲሽ መያዣ አያገኝም። ቀጥሎ በአልኮል መጥረግ፤ ዓይን የማያየው ቅባት እንኳ ማስቲሹንና ጥፍሩን ያለያያል። መጨረሻ ላይ ከሥሩ ጀምሮ ወደ ጫፍ እያስተኙ መጫን፤ አየር ከታች ከታፈነ ውሃ የሚገባበት በር ተከፈተ ማለት ነው።

«ከሁሉም በላይ ግን ውሃ!» አለች ጦይባ። «ጥፍር ድንጋይ አይደለም አስኩ፣ ይጠጣል። ከታጠብሽ በኋላ ቆይ፣ ቆይ፣ ደግሞ ቆይ።»

እውነቷን ነው። ጥፍር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለጠጣል። ያበጠ ጥፍር ላይ የተለጠፈ ነገር፣ ጥፍሩ ደርቆ ሲኮማተር አብሮት አይኮማተርም፤ ማስቲሹ ከውስጥ ይሰነጠቃል። ፎጣ የሚያደርቀው ላዩን ብቻ ነው።

አስካለ ሁሉንም እንደተባለችው አደረገች። ግራ እጇን ጨረሰች፤ ከቀኙም አውራ ጣቷ ብቻ ሲቀር ቴታ ለመድኃኒታቸው ውሃ ጠየቁ። ብርጭቆ አጠበች፣ ወሰደችላቸው፣ እጇን በፎጣ ጠረገች፣ ተመልሳ አውራ ጣቷን ለጠፈች። መቆየት ነበረባት። ግን የሠራተኛ እጅ ደረቅ ሆኖ የሚቆይበት ሰዓት ከየት ይመጣል? ጠዋት ደግሞ ማዳም የወንድሟ ቤተሰብ ለምሳ እንደሚመጣ ነገረቻት። «ኪቤውን አሽተሽልኝ ትሄጃለሽ፣ ያላ።» በጓንት ደግሞ ቴታ አይፈቅዱም። በባዶ እጅ፣ በበረዶ ውሃ እየነከሩ ነው የሚታሸው።

አሁን አስካለ ከኪቤው ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረች ነጭ ሳህን ላይ ስስ አድርጋ መዘርጋት ጀመረች። ዘርግታ ታያለች፣ ወደ ጎን ታደርጋለች፣ ሌላ ትቆነጥራለች። ችግሩ ጥፍሩ ሥጋ መሳይ መሆኑ ነው። የስንዴው ፍሬ ሁሉ ጥፍር መሰላት። ዓይኗ ውሃ አዘለ።

«አስካ! ጉርሻ!»

ማሪያ ከጎኗ ቆማለች፤ ጣቷ ሳህኑ ጫፍ ደርሷል። አስካለ ሳህኑን ብድግ አድርጋ ከጭንቅላቷ በላይ ያዘችው።

«ዛሬ የለም፣ ሐቢብቲ። ዛሬ… ቃሪያ አለበት።»

«ውሸታም! ቃሪያ የለውም!» ልጅቷ እሪ አለች።

ማዳም ሪታ ግማሽ ፀጉሯ ተጠቅልሎ ከመኝታ ቤት መጣች። «ሹ ፊ? ምን ሆናችሁ? ስጫት እንጂ፣ ያኒ ለአንድ ጉርሻ ነው?» አለችና ሳህኑን ተቀብላ አስቀመጠች። ከመሐሉ ቆንጥራ በጣቷ አድቦለቦለች። ማሪያ አፏን ከፈተች።

አስካለ የማዳምን እጅ አንጓው ላይ አፈፍ አደረገችው። በዚህ ቤት ስትኖር ማዳምን ነክታት አታውቅም።

«ላ፣ ማዳም! ጥፍሬ ገብቶበታል!»

«ጥፍር? የምን ጥፍር?»

አስካለ ሁለቱን እጆቿን ዘረጋች። ማዳም አየቻቸው፤ ፊቷ በመጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ቀላ። «ማሪያ በልታለች?»

«አልበላችም። ማንም አልቀመሰውም።»

«ስንት ጊዜ ነው የምናገረው? እንግዶቼ መንገድ ላይ ናቸው! ሠርግ የሚባል ነገር የለም፣ ኸላስ፣ ክፍልሽ ግቢ!»

«ጩኸቱን ተዪና ወንበር አምጪልኝ» አሉ ቴታ ከበሩ ላይ። ተቀመጡ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ እጃቸውን በረዶው ውሃ ውስጥ ነከሩ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በልጅነታቸው ሥጋው በድንጋይ ሙቀጫ ሲወቀጥ ጅማቱን እየዳበሱ መልቀም የእሳቸው ሥራ ነበር፤ ያኔ የተማሩትን ነው አሁን የሚሠሩት። ኪቤውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል እያሳለፉ ጨመቁት፤ ለስላሳውን አለፉት፣ ሻካራውን አለፉት። ማዳም ማሪያን አቅፋ ቆመች።

የቴታ ጣት ቆመ።

«ይኸው! ቁርጥ ሥጋ ይመስላል፣ የተረገመ!»

አስካለ ተቀብላ አጠበችው። ፍርሃቷ ግን አልለቀቃትም፤ ተሰብሮ ቁራጩ ቀርቶስ እንደሆነ? አውራ ጣቷ ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን ለካችው። ሙሉ ነው። ያን ጊዜ ጥፍሩን ኪሷ ከታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ማዳም የቀሩትን ጥፍሮች አንድ በአንድ እየያዘች ጎተተቻቸው። አንዱም አልነቃነቅ አለ። «እነዚህስ ለምን አልወደቁም?»

«እነሱን ስለጥፍ… እጄ ደረቅ ነበር፣ ማዳም።»

ማዳም ኪቤውን ገልብጣ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ወደ ቧንቧው ዞራ እጇን ታጠበች።

«ዝም ብትል ኖሮ እኔ ውጬው ነበር» አሉ ቴታ። «ዛሬ ሠርጉ የእኔ ለቅሶ ይሆን ነበር። ትሂድ።»

«ትሂድ» አለች ማዳም ዘወር ሳትል። «ስትመለሺ ግን አንድም እንዳላይ። አንድም!»

ካራንቲና ስትደርስ ጦይባ ማስቲሽ ይዛ ጠበቀቻት። «አምጪ አውራ ጣትሽን፣ ትርፍ ጥፍር አለኝ።»

አስካለ አውራ ጣቷን በመዳፏ ውስጥ ደበቀች። «ይቅርብኝ፣ በአላህ።»

«እናቴንስ ምን ልበላት?»

«አንዷ ሚዜ ኪቤ ስታሽ ቆይታ ነው የመጣችው በያት።»

ጦይባ ወሬውን ሰምታ መጀመሪያ በድንጋጤ አፏን ያዘች፤ ከዚያ ኩሏ እስኪፈስ ሳቀች። ፎቶው ተነሣ። አስካለ ሙሽራዋን ባቀፈችበት እጅ ያ ራቁት አውራ ጣት ከሌሎቹ ተለይቶ ይታያል።

ገና ዘፈኑ ሳይሞቅ አስካለ ጥፍሮቹን ልታነሣ ወደ ጓዳ ገባች። ጦይባ ለብ ያለ ውሃ በሳሙና፣ ከላይም የወይራ ዘይት ጠብ አድርጋ አቀረበችላት። በመለጠፍ ጊዜ ጠላት የነበሩት ውሃና ዘይት በማንሣት ጊዜ ዋና ረዳት ናቸው፤ ቀስ ብለው በጠርዙ ይገባሉ፣ ማስቲሹን ያላላሉ። በግድ ከተነቀለ የራስ ጥፍር ተልጦ አብሮ ይነሣል። ስለዚህ አስካለ እጇን ነክራ ጠበቀች፤ በየመሐሉ ጠርዙን እየነካካች፣ ባይለቁስ እያለች፣ የማዳም ፊት እየታያት።

አንዱ ለቀቀ። ቆይቶ ሌላው። እያንዳንዱን ከውሃው እያወጣች ሶፍት ላይ ደረደረችው፤ የመጨረሻው ከወጣ በኋላ ከኪቤ የወጣውን ከኪሷ አውጥታ ጨመረችበት። ቆጠረች፤ ዐሥር። ሶፍቱን ጠቀለለችው። ወዲያው ደግሞ ፈታችውና እንደገና ቆጠረች።