አንድ ፊልም ሳምንቱን ሙሉ

ባለፈው ሰሞን ሳቢያን ሰፈር ልጄ ቤት ስሄድ ቴሌቪዥን ተከፍቶ ደረስኩ። የሕንድ ፊልም ነው። ሕንዶቹ ግን የሚያወሩት አማርኛ ነው፤ ያውም ጥርት ያለ፣ የመጽሐፍ የመሰለ አማርኛ። ቤተሰቡ በሙሉ ትንፍሽ ሳይል ያያል። ትንሽ ቆየሁና፣ "የሚከራከረው ሰው የለም እንዴ?" አልኩ።

"ማንን ነው የሚከራከሩት፣ አባባ?" አለች ልጄ።

"የሚተረጉመውን።"

ሳቀችና ሻይ ቀዳችልኝ። አልፈርድባትም፤ ሸምሱን አታውቀውም።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፤ የሶማሊያው ጦርነት አልፎ ከተማው ትንፋሹን መሰብሰብ ሲጀምር። እዚህ ድሬ፣ መጋላ ውስጥ የጋሽ አብዶሽ ሲኒማ የሚባል ነበር። ሲኒማ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከኋላ ቆርቆሮ፣ ከፊት ሰማይ ነው። ሸራም የለውም፤ የፊተኛው ግድግዳ ኖራ ይቀባል፣ ፊልሙ እዚያ ላይ ይታያል። ኖራው የተላጠ እንደሆነ ቆንጆዋ ተዋናይ ጉንጯ ላይ ቁስል ይዛ ታመሻለች። ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ሰዉ ለውዙን በወረቀት ጠቅልሎ ይገባል።

እኔ በሩ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ሃያዎቹ ውስጥ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በዚያው ዘመን በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ደረቅነቴ ግን የቆየ ነው። ትኬት የሌለው ሰው የእናቴም ልጅ ቢሆን በእኔ በር አያልፍም። ለዚህ ነው ጋሽ አብዶሽ የቀጠረኝ።

ጋሽ አብዶሽ ሽርጡን ከፍ አድርጎ የሚታጠቅ ወፍራም ሰው ነበር። አንቱ ያላልኩት ንቄው አይደለም፤ የድሬ ሰው አባቱንም አንተ ነው የሚለው። የሚያከራያቸው ቤቶች ትርፍ ቤት ተብለው ሲወረሱ የቀረችው ይቺ አዳራሽ ናት። ቤተሰቡን የሚያበላው በእሷ ነው።

ሸምሱ ደግሞ ቀን ልብስ ሰፊ ነው፣ ማታ ተርጓሚ። ባሕር ተሻግሬ ኤደን ከሕንዶች ጋር ኖሬያለሁ ይላል። ቀጭን ሸንበቆ ይዞ ከግድግዳው ጎን ይቆማል፤ ሕንዶቹ አፋቸውን ሲከፍቱ እሱም ይከፍታል። ነገሩን በአማርኛ ይጀምረዋል፣ በኦሮምኛ ያጠብቀዋል፣ ስድቡን በሶማሊኛ ይጨርሰዋል። አዳራሹ ውስጥ ሳይገባው የሚወጣ ሰው አልነበረም። ዘፈን ሲመጣ ብቻ፣ "ዘፈን ምኑ ይተረጎማል" ይልና ሲጋራውን ይለኩሳል።

ፊልም የሚመጣልን በባቡር ነበር፣ በክብ ቆርቆሮ ተዘግቶ። ታይቶ ሲያበቃ በዚያው ባቡር ይመለሳል፣ ሌላ ይመጣል። ያን ክረምት ግን ደጋው ላይ ዘነበ። እኛ ጋ ጠብ አላለም፤ የድሬ ነገር እንዲህ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ድንገት ግንድ እያንከባለለ ይመጣል። ጎርፉ ከከተማው ወዲያ የባቡር ድልድይ ወሰደ ተባለ። ባቡር ቀረ። እጃችን ላይ ያለው ሊመለስ የነበረው አንድ ፊልም ብቻ ሆነ።

የቀበሌው ሊቀመንበር የመጣው በዚህ ላይ ነው። አዳራሹን ከዚህ ግድግዳ እስከዚያ ግድግዳ በዓይኑ ለካና፣ "ጓድ አብዶሽ፣ የኅብረት ሱቁ የስኳር መጋዘን ይፈልጋል" አለ። "ይሄ ቤት ሥራ ፈቶ ከተገኘ ለሕዝቡ ይውላል። እሁድ ማታ መጥቼ አያለሁ። ባዶ ከሆነ ቁልፉን ታስረክባለህ።"

ጋሽ አብዶሽ እሱ ከሄደ በኋላ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ። ቆይቶ፣ "ያለን ያው አንዱ ነው፤ ያው ይታይ" አለ።

ሰኞ ታየ። አንድ ወጣት አለ፣ እናቱ አለች፣ ጢሙን ያጠመዘዘ አጎት አለ። አጎትየው ቤታቸውን ቀምቶ ያባርራቸዋል፤ ልጁ ሊበቀል ሄዶ መጨረሻ ላይ ከገደል ይወድቃል። እናትየው ሬሳው ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። አዳራሹም አብሮ አለቀሰ። ማክሰኞ የመጣው የሰኞው ግማሽ ነው። ረቡዕ ከኋላ ጥቂት ሰው፣ ከፊት ድመት።

በሩ አጠገብ ሳምቡሳ የምትሸጥ አዴ ዘሃራ የምትባል ሴት ነበረች። ፊልሙ ሲጀምር ሳህኗን ይዛ ትገባለች። ረቡዕ ማታ ከተቀመጠችበት ጮኸች።

"አቦ ሸምሱ! ልጁ ሰኞ ሞተ፣ ማክሰኞ ሞተ። ዛሬም ሊሞት ነው? እኔስ ስንቴ ላልቅስለት?"

ሸምሱ ሸንበቆውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። አጎትየው ብቅ ሲል፣ "ይሄ የምታዩት አጎት" አለ፣ "ደግ ሰው ነው። ሌባው ልጁ ነው።"

ሰዉ ከተጋደመበት ቀና አለ። እናትየው ስታለቅስ፣ "ምንም አልሆነችም፣ ሽንኩርት ልጣ ነው" አለ። ከድመቷ በቀር ያልሳቀ የለም።

ሲያልቅ በሩ ላይ ያዝኩት።

"ሸምሱ፣ ይሄ ውሸት ነው። ሰኞ ያልከው ሌላ ነው።"

"ሕንዱ መጥቶ ይክሰሰኝ።"

"የሞተ ሞቷል፤ ፊልም አንድ ነው።"

"ዋሪያ፣ አንተ ትኬትህን ቁረጥ!"

ጋሽ አብዶሽም ለእሱ አገዘ። "ልጁ ቢሞትስ ባይሞትስ አንተን ምን ቸገረህ? ከወንበሩ ላይ ድመት ይነሳልኝ እንጂ" አለኝ።

በማግስቱ ጫት ተራው ሌላ ወሬ አልነበረውም። አጎትየው ደግ ነው የሚል አለ፣ ክፉ ነው የሚል አለ። ሐሙስ ማታ ከከዚራ ሳይቀር የባቡር ሠራተኞች፣ ሥራ ፈተው ተቀምጠዋልና፣ የደቻቱን አሸዋ ተሻግረው መጡ። ሸምሱ ያን ቀን አጎትየውን የልጁ እውነተኛ አባት አደረገው። ዓርብ ደግሞ ልጁ አልሞተም፣ ራሱን ስቶ ነው አለ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ቅዳሜ ምን እንዳለ አላውቅም። የረቡዕ ሰዎችና የሐሙስ ሰዎች ሲጯጯሁ ድምፁ አልተሰማኝም።

እሁድ ሊቀመንበሩ መጣ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ አጥሩ ላይ ሳይቀር ሰው ተሰቅሏል። ጋሽ አብዶሽ ራሱ ይዞት ገብቶ ከፊት አስቀመጠው። የመንግሥት ሰው ነው ብዬ ትኬት አልጠየቅኩትም፤ ደስ ግን አላለኝም።

ሸምሱ ሊቀመንበሩን ሲያይ ቀለሙ ተለወጠ። አጎትየው ጢሙን እያሻሸ ሲመጣ፣ "ይህ አድኃሪ ነው! ልጁ የገበሬ ማኅበር ሊያቋቁም ነው!" አለ።

አዳራሹ ተነሳ። "ኧረ በአላህ! ሐሙስ አባቱ ነበር!" "ማነው ያለህ፣ ደግ ሰው ነው!" "ዝም በል የረቡዕ!" የለውዝ ልጣጭ ይወረወር ጀመር። ሊቀመንበሩ ብድግ ብሎ እጁን አነሳ፤ ማሽኑ ቆመ፣ መብራት በራ። የጋሽ አብዶሽ ሸሚዝ ከጀርባው ላይ ተጣብቋል።

"ጓድ ሸምሱ፣ ሕንድኛ ትችላለህ?"

"ጓድ፣ ኤደን የሕንድ ሱቅ ሠርቻለሁ።"

"ትችላለህ ወይ ነው ያልኩህ።"

ሸምሱ ሸንበቆውን አየ። "የጨርቅ ስም እችላለሁ" አለ።

የሳቀ የለም። ሊቀመንበሩ ወደ ጋሽ አብዶሽ ዞረ። "ሕዝብ እያታለልክ ነዋ የከረምከው። ታዲያ ይሄ ሥራ ነው?"

እዚህ ላይ አለቀልን ብዬ ነበር። ከኋላ አዴ ዘሃራ ሳህኗን እንደያዘች ቆመች።

"ማን ተታለለ? ሸምሱ ሕንድኛ እንደማይችል መጋላ ሁሉ ያውቃል። የእኔን ቀሚስ እንኳ ስንቴ ነው ያበላሸው! አቦ ተቀመጥና እንይበት፣ ልጁ ሊወድቅ ነው።"

ያኔ ነው አዳራሹ የፈረሰው በሳቅ። ሊቀመንበሩ ሊቀመጥ ዞር ቢል ወንበሩ ላይ አንድ ኩሊ ተደላድሎ ተቀምጧል። "ተነስ እንጂ" አለው። ኩሊው ቁራጭ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አሳየ። ሊቀመንበሩ እኔን አየኝ። ጋሽ አብዶሽም አየኝ፣ በዓይኑ እየለመነኝ።

"እሱ ትኬት አለው፣ ጓድ" አልኩ።

ማለት የነበረብኝን ነው ያልኩት፤ ዛሬም እለዋለሁ። ሊቀመንበሩ ሌላ ወንበር ፈለገ፤ ፈጽሞ አልነበረም። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ እስከ መጨረሻው አየ። ልጁ ሲወድቅ ሸምሱ ምንም አላለም፤ ሰዉ በየፊናው ተረጎመው። ሲወጣ ሊቀመንበሩ ስለ ቁልፍ አላነሳም። ምን ብሎ ያነሳል? ተቀምጦ ለማየት እንኳ ቦታ ያጣበትን ቤት ባዶ ነው አይል። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ጠጋ አለኝና፣ "ልጁ ሞቷል፣ አይደል?" አለኝ።

"ሞቷል" አልኩት።

"እኔም እንደሱ ነው ያየሁት" ብሎ ሄደ።

ድልድዩ ተጠገነ፣ አዲስ ፊልም መጣ። ሸምሱ እንደ ድሮው ተረጎመ። በማግስቱም ያንኑ ሲደግም ከመሃል አንዱ፣ "ይሄኛው አንድ ነገር ብቻ ነው እንዴ የሚለው?" ብሎ ወጣ። አዳራሹ ግን መጋዘን ሳይሆን ቆየ፤ ጋሽ አብዶሽም ልጆቹን በእሱ አሳድጎ ሞተ። ከዚያ በኋላ ወራሾቹ ሸጡት፤ ፎቅ ቆሞበታል።

ሸምሱም በቅርቡ ነው የሞተው። ለቅሶው ላይ የዚያን ጊዜ ሰዎች ተገናኘን፣ የተረፍነው። አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ግን እኮ አባቱ ነበር" አለ። ሌላው፣ "የምን አባቱ፣ ደግ አጎት ነው እንጂ" አለ። ነገሩ እየጋለ፣ ድምፁም ከፍ እያለ ሄዶ ሼኩ፣ "እባካችሁ፣ ዱዓ ላይ ነን" ብለው ገሠጹን። ሟቹ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ጮክ ብዬ አላልኩትም እንጂ።

ሰኞ የተናገረውንም ያው ሸምሱ ከራሱ አውጥቶ እንደነበር ጠፍቶኝ አይደለም። አንዱንም ሕንዶቹ አላሉትም። እኔ ግን የሰኞ ሰው ነኝ። ያ ልጅ ሞቷል፤ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ።