ተረካቢ ያጣው ካምፕ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሚስማር፣ ገመድ፣ ቀለምና የውኃ ቧንቧ እሸጣለሁ። በዚህ ዓለም እንደ ዋስትና የሚያስፈራኝ ነገር የለም። ሰው "ዋስ ሁነኝ" ሲለኝ ወገቤን ያመኛል፤ አንዳንዴም ሱቄን ዘግቼ የማላውቀው ሰው ለቅሶ እሄዳለሁ። ያም ሆኖ በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ዋስ ሆኛለሁ። ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ሽማግሌ ምክንያት ነው።

ሽማግሌው የባለቤቴ አጎት ናቸው፤ ጅጋ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ። እኔ "አያ" እላቸዋለሁ። ከቡሬ ወደ ገጠሩ የሚወርደውን አስፋልት የያዘው ትልቅ የመንግሥት ሥራ ተቋራጭ ከከተማው ወጣ ብሎ ካምፕ ሲተክል ዘበኛ ፈለገ። አያ ደግሞ ክረምት ከበጋ የማይቋረጥ ደመወዝ አማራቸው። ድርጅቱም "ዋስ አምጣ" አላቸው። ባለቤቴ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም፤ በሦስተኛው ቀን ንግድ ፈቃዴን ይዤ ሄድኩና ፈረምኩ። ወረቀቱ አጭር ነበር። ከግቢው የሚጎድል ነገር ቢኖር ዘበኛው ይተካል፣ ዘበኛው ካልቻለ እኔ።

ግቢው ውስጥ ያሉት ደግሞ ግሬደር፣ ሎደር፣ ሮለርና ጀነሬተር ነበሩ። ሱቄ ከነመደርደሪያው ቢሸጥ የሎደሩን አንድ ጎማ አይገዛም። ስለዚህ በየሳምንቱ ቡሬ እየሄድኩ አያን መጠየቅ ጀመርኩ። ሰዉ "ምን ያለ ደግ አማች ነው!" ይላል። ደግነት አልነበረም፤ ጎማ ቆጠራ ነበር።

የድርጅቱ አወዳደቅ ዝናብ እንደመታው የጭቃ ቤት ነው፤ መጀመሪያ የሄደው ልስኑ ነው። የካምፑ ምግብ ቤት ሥጋ አቆመ። ቀጥሎ ነዳጅ ጠፋ። ከዚያ ኢንጂነሮቹ "ለስብሰባ" እያሉ አንድ በአንድ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ለስብሰባ ፍራሽ ጭኖ የሚሄድ ሰው ያየሁት ያኔ ነው። በመጨረሻ ወሬው በቴሌቪዥን መጣ። ሥራ አስኪያጁ ባገሩ ሁሉ መንገድ እየተቀበለ፣ ለአንዱ መንገድ የተሰጠውን ቅድሚያ ክፍያ በሌላው ቀዳዳ ላይ ሲጥፍ ኖሮ መጣፊያው አለቀበት። መንግሥት ውሉን አቋረጠ። ቦርዱ ሥራ አስኪያጁን ከሰሰ፣ ሥራ አስኪያጁ ቦርዱን። ሁሉም ሌላውን ሲያመለክት ጣት በዛና ሰው ጠፋ።

ካምፑ ውስጥ የቀሩት አያ ብቻ ናቸው።

"አያ፣ ድርጅቱ ፈርሷል። ወደ ቤትዎ ይግቡ" አልኳቸው።

"ማን ተረከበኝ?"

"የሚረከብ ሰው የለም እኮ!"

"እንግዲያማ አልፈረሰም። ቆጥረው ነው የሰጡኝ፣ ቆጥረው ይቀበሉኝ። እኔ ሄጄ ነገ አንዲት ብሎን ብትጠፋ ልጆቼን የሌባ ልጆች ይሏቸዋል። ይሄ ሁሉ ዕድሜ ለዚህ ነው? አንተስ ብትሆን ፈርመህልኝ የለም?"

ፈርሜ ነበርና ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። መሬታቸውን ጎረቤት በእኩል አረሰላቸው። ባለቤታቸው ከጅጋ እሸት በቆሎ እየላኩብኝ "ብረት አግብቶ ቀረ ወይ በልልኝ" ይላሉ። መንገድ ሲዘጋ ሳልሄድ የምቀርባቸው ሳምንታት ነበሩ። ሲከፈት እደርሳለሁ፤ ሁሉም ነገር ካለበት ነው። አያ ለማሽኖቹ እንደ በሬ ስም አውጥተውላቸዋል። ግሬደሩ ዳለቻ፣ ሎደሩ ወይኖ፣ ሮለሩ ቦራ። ወይኖ ዘይት ማንጠባጠብ ሲጀምር ከሥሩ ጣሳ አኖሩና ጠብታውን በጀሪካን ማጠራቀም ያዙ።

"ይሄ ምን ያደርጋል?" ስላቸው፣

"ዘይቱም ቢሆን ሲሰጡኝ ውስጡ ነበር" አሉኝ።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም፣ ጎማ መቁጠር ትቼ ነበር። ከባጃጅ ስወርድ መጀመሪያ የምፈልገው እሳቸውን ነው፤ በር ላይ ቆመው ካየኋቸው ይበቃኛል።

በሁለተኛው ክረምት መውጫ ሥራ አስኪያጁ ራሱ በአይሱዙ መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ። በቴሌቪዥን ሳየው ኮቱን የሞላ ሰው ነበር፤ አሁን ኮቱ ሰፍቶታል።

"አባባ፣ ጀነሬተሩን ብቻ ልውሰድ። በሩን ይክፈቱልኝ።"

"እንኳን ደህና መጡ ጌታው። እርስዎን ስጠብቅ ነው የኖርኩ። ግን ጀነሬተሩን ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም ቆጥረው ይረከቡኝና ይፈርሙ።"

"ሥራ አስኪያጁ እኮ ነኝ!"

"ይሁኑ። ዋስዎ ማነው?"

ሰውየው ጆሮውን አላመነም። "የምን ዋስ?"

"አጥር ለምጠብቅ ለእኔ ዋስ አምጣ ብላችሁኛል። ዋሴ ይኸው ቆሟል። መንገዱን በሙሉ የያዙት የእርስዎ ዋስ የታል?"

ሹፌሩ ሳቁን ለመደበቅ ጎማ እንደሚያይ ሰው ጎንበስ አለ። ሥራ አስኪያጁ የመኪናውን በር በኃይል ዘግቶ አይሱዙውን ባዶውን አስመለሰ።

ቡሬ መግቢያ ላይ ፖሊስ ያዘው። ለካ የድርጅቱ ንብረት በፍርድ ቤት ታግዷል፤ ሊያሸሽ መጣ ተብሎ ፍኖተ ሰላም ታሰረ። ፍርድ ቤቱ በሁለት የሰው ዋስ ይውጣ አለ። ሳምንት ሞላው፣ አንድም ዋስ አልመጣም። ወንድሙ ስልክ አያነሳም አሉ። አብረውት ሪባን ሲቆርጡ የነበሩት ስሙንም ረስተውታል።

አንድ ጠዋት አያ ካምፑን ባለቤታቸው እንዲጠብቁላቸው አድርገው ሱቄ ድረስ መጡ። ከጋቢያቸው እጥፋት የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን አወጡ።

"ሁለት ዋስ ነው አሉ። አንዱ እኔ ነኝ።"

"አያ! መሬትዎን? ለዚያ ሰውዬ?"

"እሱ ካልወጣ ማን ይረከበኛል? ደግሞ እኔ በር ላይ ቆይቶ ሲሄድ ነው የተያዘ። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ ውኃ እንኳ ጠጣ አላልኩትም። እሷ ከነከነችኝ።"

ሁለተኛው ዋስ ማን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ንግድ ፈቃዴን እያዩ ነበር።

"ዛሬ ገበያ ነው አያ፣ ሰው አለብኝ።"

"እጠብቅሃለሁ። መጠበቅ ለምጃለሁ" ብለው የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጡ።

እስከ ረፋድ ሸጥኩ። ሳቀብልም፣ መልስ ስመልስም ዓይናቸው ጀርባዬ ላይ ነው። ዘጋሁና ፍርድ ቤት ሄደን ሁለታችንም ፈረምን።

ሰውየው ሲፈታ አያን አተኩሮ አያቸው። "ለምን ብለው ነው?"

"ይረከቡኝ ብዬ ነዋ።"

የፍርድ ቤቱን ጸሐፊ ጠየቅኩት። "ንብረቱን ማንቀሳቀስ ነው የተከለከለ፤ መቁጠር አልተከለከለም" አለኝ። ድምፁን ቀንሶም፣ ሰውየው ከሥራው ስለተነሳ ፊርማው ዋጋ እንደሌለው ነገረኝ። ለአያ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን አየሁና መልሼ ዘጋሁት።

በማግሥቱ ጠዋት ርክክቡ ተጀመረ። አያ ከሠፈሩ ሁለት ምስክር ጠርተዋል። ባለቤታቸውም አልሄድም ብለው በር ላይ ቆመዋል። ገና ስንደርስ ለሰውየው ውኃና ዳቦ ቀረበለት፤ ቆሞ በላ።

"ይሄ ዳለቻ ነው። ይሄ ወይኖ፤ ዘይቱ ያንጠባጥባል፣ የወረደው እዚህ ጀሪካን ውስጥ አለ። አካፋ አርባ፤ ሁለቱ ተሰብረዋል፣ ስባሪው ይኸው።"

ሰውየው መጀመሪያ ቆሞ ነበር የሚጽፈው። እየቆየ መጎንበስና ዕቃውን በእጁ መንካት ጀመረ። "ይሄን ሁሉ አላውቀውም ነበር" አለ።

"የት ያውቁታል፤ ሲመጡ ከመኪና አይወርዱም ነበር" አሉት አያ፣ ያለ አንዳች ክፋት።

ቆጠራው ሲያልቅ አያ ቀጥ ብለው ቆሙ። "ከእኔ የጎደለ አለ?"

"የለም።"

"ጮክ ብለው ይበሉት፤ ሰው ይስማ።"

"የጎደለ የለም!"

"ከእርስዎስ?"

ሰውየው ከአጥሩ ማዶ በጅምር የቀረውን መንገድ አየ። ጥርጊያው ላይ ሣር በቅሎ የሰው ጥጃ ይግጣል።

"ከእኔ ብዙ ጎድሏል አባባ። የእርስዎ ደመወዝም አለ።"

"በሉ እንዲሁ አድርገው ለዳኛው ይንገሩት። ልክ አሁን እንዳሉት። እሷን መናገር ነው የሸሹት እንጂ ቃሉስ አይከብድም" አሉትና ወረቀቱን አስፈርመው ቁልፎቹን በሁለት እጃቸው ሰጡት።

"ከዛሬ ጀምሮ ታዲያ ማን ይጠብቀዋል?" አለ ሰውየው።

"ቁልፍ የያዘ።"

ስንሄድ ሰውየው የዘበኛው አግዳሚ ላይ ቁልፉን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ወረዳው ጠባቂ እስኪልክ ሦስት ቀን እዚያው ቆየ። የአያ ባለቤት በእኔ በኩል ስንቅ ላኩለት። እስካሁን በየቀጠሮው ፍርድ ቤት ይመጣል፤ ዋሱ ነኝና እኔም ከኋላው ወንበር እቀመጣለሁ። ያቺን "ከእኔ ጎድሏል" የምትለዋን ቃል በሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ተናገራት፤ አንገቱን ደፍቶ ነበር፣ ግን ተሰማች።

አያ የርክክብ ወረቀታቸውን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታቸው በደጀ ሰላሙ እንዲያነቡላቸው ሰጡ። እኔም ከባለቤቴ ጋር ሄጄ ነበር። "ከዘበኛው የጎደለ የለም" የሚለው ሲነበብ አያ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ሰዉ "እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ" እያለ በየተራ ሳማቸው።

በማግሥቱ ቤታቸው ስደርስ ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ።

"አያስ?"

"ማዶ" አሉኝ በአገጫቸው እያመለከቱ። "ሽምብራ ሊዘራ ጥማድ በሬውን ይዞ ወጣ። ምሳውን አድርስልኝ፣ እኔን ብረቱን ፈትቶ ቤቱ ገባ ብዬ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሣቅ ሣቅ እያለኝ ሥራ አልገፋልኝም።"