ከጎን የተሣሉት መሪጌታ

መምህርት ሙሉሃብት ዶሮ መሣል አትችልም። ይህን የምለው ላማት አይደለም፤ ራሷ ናት ለአገሩ ሁሉ የምታወራው። አንድ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ዶሮ ሣልኩ ብላ ዞር ስትል፣ አንዱ የሁለተኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ የዚህ ጫማ ክሩ የት አለ?» ብሎ ጠየቃት። ከዚያ ወዲህ ጠመኔ የምታነሳው ለሒሳብ ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት ላሊበላ ውስጥ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥዕል ክበብ ኃላፊ። ምን ይደረግ! የኮን ከተማ ልጅ ናት፤ መምህር ሆና ወደ ላስታ ከመጣች ሃያ ሦስት ዓመቷ። ሁለት ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ካበቃች በኋላ ቤቱ ጭር አለባት፤ ከሥራ ወጥታ ወደዚያ መሄድ አስጠላት። ከትምህርት በኋላ ግቢው ውስጥ ያለ ሥራ የሚንከራተቱትን ልጆችም ታያለች። አንድ ማክሰኞ ቀን የተሰባበሩ ወንበሮች የተቆለሉበትን መጋዘን አስከፍታ፣ ወንበሮቹን አውጥታ «ኑ፣ ግቡ» አለቻቸው።

«ገብተን ምን እንሥራ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሣሉ!»

ቀለም ግዙ ቢባል ማን ሊገዛ! ልጆቹ ራሳቸው መላ ፈጠሩ። መንገድ ዳር ያለውን ቀይ ለስላሳ ድንጋይ ፈጭተው በሻይ ማጥለያ ነፉት፤ ለጥቁሩ ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፋቁ፤ ለቢጫው ከየቤታቸው እርድ ቆንጥረው መጡ፤ ሁሉንም በግራር ሙጫ ለወሱት። ያስቸገራቸው አረንጓዴው ነው። ከጎመን የጨመቁት አረንጓዴ ሲደርቅ ቡናማ እየሆነ፣ የዚያ ዓመት ዛፋቸው ሁሉ ድርቅ የመታው መሰለ። ወረቀቱ የሲሚንቶ ከረጢት ነው። ልጆቹ ግን ምን ገዷቸው! ከአፍንጫቸው እስከ ክርናቸው ተለቅልቀው ሲንጫጩ ሙሉሃብት በሩ ላይ ቆማ እያየች አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል።

ክበቡ እንዲህ ደርቶ ሳለ ክፉ ወሬ መጣ። ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎች ምገባ እህል ሊረከብ ነውና መጋዘኑ ይፈለጋል ተባለ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ምሥጋናው ከማንም ጋር መቀያየም ስለማይወዱ ነገሩን ወደ ወላጆች ኮሚቴ ገፉት። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው፤ ስንት ደብተራ ያስተማሩ፣ ሳቅ የማያበዙ፣ አንዴ ከተናገሩ የማይመለሱ አዛውንት። «ልጆቹ የሠሩትን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥተን እናያለን። አይተን እንወስናለን» አሉ።

ሙሉሃብት እንቅልፍ አጣች። እህሉን እንዳትቃወም የልጆቹ ምሳ ነው። ክፍሉን እንዳትለቅ ሌላ ክፍል የለም፤ ክፍሉ ከሄደ ክበቡም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

አሁን ጥፋቷን ልንገራችሁ። ሽፋኑ ከተገነጠለ የሥዕል መማሪያ ውስጥ ፊትን ከጎን መሣል የሚባል ነገር አገኘች። የሒሳብ መምህር አይደለች! አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ፣ ግማሽ አፍ፤ ሥራው በግማሽ ቀነሰ፣ ቀለሙም ተረፈ። ደስታዋ ለብቻው ነበር። ልጆቹ ሁለት ወር ሙሉ አህያ ከጎን፣ ፍየል ከጎን፣ በግ ከጎን ሣሉ። ማንም ምንም አላለ። ለእሑዱ ግን «የሰፈራችን ሰዎች» ብላ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው በየቤታቸው ሥለው እንዲያመጡ አዘዘች።

እሑድ ጠዋት ቀድማ የመጣች ነጅሚያ ናት፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪ። አባቷ መሐመድኑር ከቤተ ክርስቲያኑ መውረጃ ፊት ለፊት ሱቅ አለው። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል በየቀኑ ከሱቁ ማዶ ካለው ወይራ ሥር ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ነጅሚያ እሳቸውን ነበር የሣለችው። ጥምጣማቸው፣ ሾል ያለው ጢማቸው፣ ቆልመም ያለው ረጅም አፍንጫቸው፣ ሲያነቡ ወደፊት የሚገፏት የታችኛዋ ከንፈር ሳትቀር፣ ከጎን ቁጭ ብለዋል።

ሙሉሃብት አፏን ያዘች። «አንቺ ልጅ! ኧረ እሳቸው ራሳቸው ናቸው! ምን አድርገሽ ነው እንዲህ ያረግሽው?» ብላ ጉንጯን ሳመቻት። ሥዕሉንም ወዲያው በሙጫ መሀል ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ነጅሚያ አባቷን ለመጥራት ሮጠች።

እሷ ከመውጣቷ አዳም ገባ። አዳም የመሪጌታ የልጅ ልጅ ነው፤ አሥር ዓመቱ ነው፣ ነገር ግን ሲናገር የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ነው። ሥዕሉን ሲያይ ባለበት ደርቆ ቀረ።

«ቲቸር፣ አያቴ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው።»

«ከጎን ስለሆነ ነዋ የኔ ጌታ።»

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እኮ ቅዱሳን የሚሣሉት በሁለት ዓይን ነው። በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው። ይሁዳም እንደዚያው።»

«እና እስከዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«እስከዛሬ አህያ ነበራ!»

ሙሉሃብት ውሃ ሆነች። ዕድሜ ልኳን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ስትሳለም ኖራ የሰይጣንን ዓይን አንድ ቀን ቆጥራ አታውቅም፤ ማንስ ይቆጥራል! አሁን የኮሚቴውን ሰብሳቢ፣ ያውም መሪጌታውን፣ በሰይጣን ወግ አስሥላ መሀል ግድግዳ ላይ ሰቅላለች። የሣለችው ደግሞ የሙስሊም ልጅ ናት፤ አንድ ክፉ አፍ ቢያገኘው ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ዘላ ሄዳ የሥዕሉን ጥግ በጥፍሯ መፋቅ ጀመረች። የግራር ሙጫ ግን አንዴ ከያዘ ያዘ ነው።

«አባዬ፣ ያውልህ!» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች። ነጅሚያ አዲስ ሻሽ አስራ፣ አባቷን በእጁ እየጎተተች ገብታለች።

«ወላሂ እሳቸው ናቸው!» አለ መሐመድኑር ግንባሩን ይዞ። «አብሽሪ የኔ ልጅ! ኧረ ተይ፣ ይሄን አንቺ ነሽ የሣልሽው?» ልጅቷ በደስታ መሬት አልበቃት አለ።

ሙሉሃብት እጇን ከሥዕሉ ላይ አነሣች። በዚህች ልጅ ፊት ሥዕሉን ቀድዳ ማውረድ አልሆነላትም። እንዳትተወው ፈራች፤ ሌላ ዘዴ ሳታገኝ መሪጌታ ከነኮሚቴያቸው በሩ ላይ ደረሱ። ያላት ምርጫ አንድ ብቻ ነበር፤ ነጠላዋን ግራና ቀኝ ዘርግታ ሥዕሉ ፊት ተገተረች። ደግነቱ እግዜር ሰፋ አድርጎ ነው የፈጠራት።

መሪጌታ ግድግዳውን ከጥግ ጀምረው በዝምታ ዞሩ። አንገታቸውን ይነቀንቁ እንጂ ወደዱትም ጠሉትም አይባልም። ዞረው ዞረው ከሙሉሃብት ፊት ቆሙ።

«መምህርት፣ ከኋላሽ ምን አለ?»

«ግድግዳ ነው፣ መሪጌታ።»

«ሌላውም ግድግዳ ነው። እስቲ ፈቀቅ በይ።»

ፈቀቅ አለች። አቶ ምሥጋናው ያለ ጉንፋን ሳሉ። መሪጌታ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አጠለቁና ወደ ሥዕሉ ተጠጉ።

«ማን ነው የሣለው?»

ሙሉሃብት አላስቻላትም። «ይቅር ይበሉኝ መሪጌታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው! ከጎን ሣሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ልጅቷ ሥርዓቱን አታውቅም፤ ክፍሉንም ውሰዱት፣ እሷን ብቻ...»

«ማን ሣለው አልኩ እንጂ ማን አጠፋ አልኩ?»

ነጅሚያ ጣቷን አወጣች። «እኔ ነኝ።»

«ለምን ከፊት ለፊት አልሣልሽኝም?»

«እርስዎ ወደኛ ዞረው አያውቁም። ሁልጊዜ መጽሐፉን ነው የሚያዩት።»

ሽማግሌው ጣታቸውን ሥዕሉን ሳይነኩ በአፍንጫው ቁልቁል አስኬዱት፣ ከንፈሩ ላይ ሲደርሱ አቆሙ።

«ይህ እኔ አይደለሁም» አሉ። «አባቴ ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ሰዉ ዞሩ።

«በስድሳ ስድስቱ ድርቅ ነው የሞተው። አሥር ዓመቴ ነበር። ፎቶ የለው፣ ምን የለው። ዳዊት ሲያስደግመኝ አጠገቡ ነበር የምቀመጠው። ከመጽሐፉ ቀና ስል የማየው ይህን ነበር፤ ይህን አፍንጫ፣ ይህችን ከንፈር። መልኩ ጠፍቶኝ ነበር እኮ! ሃምሳ ዓመት በጸሎት ስሙን እየጠራሁ መልኩን አላውቀውም ነበር። እኔ ራሴ እሱን መምሰሌን ማን ነግሮኝ!» እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ፤ ሊጠርጉትም አልሞከሩም።

አዳም ግን ሥርዓት ሲጣስ ዝም አይልም። «አያቴ፣ አንድ ዓይን እኮ ነው...»

«አይቻለሁ ልጄ። ያ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥርዓት ነው። ይህ የወንበር መጋዘን ነው።» ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። መሪጌታ ራሳቸው ሳቁ፤ ሲስቁ ያየ ሰው ጥቂት ነው። «መጋዘንም አይደለም። እህሉ መምህራን ማረፊያው ይግባ፤ ሰፊ ነው። ኮሚቴው ምን ይላል?»

ኮሚቴው ይሁን አለ። አቶ ምሥጋናው ቀትር ላይ ሸለብ የሚያደርጉባት ሶፋ ያለችው እዚያው ማረፊያ ውስጥ ነውና ፊታቸው ጥቁርቁር አለ፤ ግን እሳቸውም አጨበጨቡ። ሙሉሃብት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅሳለች፣ መልሳ ትስቃለች።

«አዳም፣ ና ወዲህ» አሉ መሪጌታ። «ቅድመ አያትህ ናቸው። እጅ ንሣ።»

አዳም ሥዕሉን አየ፤ አያቱን አየ፤ ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መሬት እስኪነካ ጎንበስ አለ። ነጅሚያም አይታው ሻሿን አስተካክላ ልታጎነብስ ስትል፣ ሽማግሌው ትከሻዋን ይዘው ቀና አደረጓት።

«አንቺማ ቀና በይ ልጄ» አሏት። «ያመጣሽልኝ አንቺ ነሽ።»