የታንከሩ ክዳን

የጭነት መኪኖች መቆሚያው ላይ ሴትዮዋን ሁሉም «ቁልፌ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ሾፌሮች ናቸው። የአሮጌ መኪናዋ ትርፍ ጎማ በሰንሰለት ታስሯል፣ የባትሪው ሳጥን በጓጉንቸር፣ ጋቢናው በሁለት ቁልፍ ይዘጋል። ባሏ ሲሞት የተወላት ይህን መኪና ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ታናሽ ወንድሟ ይነዳል፤ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ሲቀልድባት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትለዋለች።

ያን ዕለት ጠዋት ሲሚንቶ ሲጫን፣ ወንድሟ ከጫኞቹ ጋር ሲጨቃጨቅ፣ የመኪናው ናፍታ ታንከር ክዳን ተሰረቀ። እሷ ከታንከሩ ጎን ቆማ ነበር። ይህን ለወንድሟ መናገር ሞት መሰላት። ላስቲክ አጣጥፋ የታንከሩን አፍ ሸፈነችው፤ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ማሰሪያም ደጋግማ ጠመጠመችው። እንኳን ሌባ አየርም አይገባበትም።

ቀትር ላይ መንገዱ ድልድይ የሌለውን ሰፊ ደረቅ ወንዝ ያቋርጣል። መሃል አሸዋው ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ጠፋ።

«የናፍታ ጌጁ ግማሽ ይላል» አለ ወንድሟ። «ናፍታስ አለ።»

ኮፈኑን ከፈተ። የናፍታ ማጣሪያው ላይ ያለውን ብሎን አላልቶ፣ የአየር አረፋው እስኪያልቅ የእጅ ፓምፑን ተጫነና መልሶ አጠበቀው። ሞተሩ ተነሳ፤ ጥቂት ሠርቶ እንደገና ጠፋ።

በላያቸው ፀሐይ ነበር። ወንዙ ከሚመጣበት ተራራ በላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል፤ ድምፅ የሌለው መብረቅ ብልጭ ይላል።

«ምን ዓይነት እጅ ነው ያለህ?» አለችው። «ባሌ ቢሆን እስካሁን አስነስቶት ነበር።»

«ባልሽ ቢሆን መጀመሪያ አንቺን ያወርድሽ ነበር፤ ጭነት ይቀንሳል» አለና ሳቀ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። «እትዬ፣ ስንጭን መኪናውን የነካ ሰው ነበር?»

«እኔ እያለሁ? ማን አባቱ!»

ተመልሶ ብሎኑን ፈታ። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ማስነሻ ሞተሪኖው እየጎተተ፣ እያቃሰተ ዞረ።

«ባትሪው እየደከመ ነው» አለ። «ፓምፑን ስጫነው አይሞላም። አንድ ሰው ጉሮሮውን አንቆ የያዘው ይመስላል።»

እሷ ወደ ታች አየች። ከመኪናው አጠገብ የምትንፏቀቀው ቀጭን ውሃ ሲደርሱ ጥርት ያለች ነበረች፤ አሁን ደፍርሳ ገለባና አረፋ ተሸክማለች። ከጋቢናው ስትወርድ የረገጠችው ደረቅ ድንጋይ ውሃ ውጦታል።

ወደ ታንከሩ ዞረች። ጣቶቿ ቋጠሮው ላይ እምቢ አሏት፤ በጥርሷ ያዘችው። ማሰሪያው ሲላላ ታንከሩ ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበ።

ወንድሟ ድምፁን ሰምቶ መጣ። እጇ ላይ ያለውን ላስቲክ አየ።

«ክዳኑስ?»

«ተሰረቀ።»

«መቼ?»

«ጠዋት። ዓይኔ እያየ።»

አልተቆጣትም፤ ጊዜም አልነበረውም። ሮጦ ፓምፑን ተጫነ፤ ታንከሩ አየር ስላገኘ አሁን ሞላ። ጋቢና ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው ቀጭ አለ። ደግሞ አዞረ፤ ቀጭ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ ለራሱ። የሲሚንቶ ጭነት ደግሞ አሸዋ ላይ በሁለት ሰው አይገፋም።

ያን ጊዜ ከላይ ድምፅ መጣ፤ ብዙ መኪና በአንድ ጊዜ ጠጠር የሚገለብጥ ይመስላል።

«እትዬ፣ ሩጪ!»

ዳሩ ላይ ወጥቶ ዞር ሲል አጠገቡ የለችም። ከጋቢናው በር ሥር ቆማ ሁለተኛውን ቁልፍ ትቆልፋለች።

«ማን ይሰርቀዋል? ተዪው እንጂ!»

ተመልሶ ክንዷን ይዞ ጎተታት። ከዳሩ ጫፍ ሲደርሱ ውሃው አንድ ሙሉ ዛፍ አስቀድሞ ከወንዙ መታጠፊያ ብቅ አለ። ጎማዎቹን ያዘ፣ ቀጥሎ በሩን። መኪናው በእንቅልፍ ልቡ እንደሚገላበጥ ሰው ቀስ ብሎ በጎኑ ዞረና ወደ ታች ተንሸራተተ። የተቆለፈው በር እስከ መጨረሻው አልተከፈተም።

«ማንም አልነካውም አልኩህ» አለች። «የራሴን እጅ አልቆጠርኩትም።»

ወንድሟ የቆሙበትን አፈር አየ። ከሥሩ እየተሸረሸረ ነው።

«ነይ» አላት፣ «ከዚህም ራቅ እንበል።»