ጥቅሉን የናቅሁበት ሰኔ

ይህ የሆነው በ2003 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ በአርባ ምንጭ የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርቴን ልፈጽም ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። በሚኒባስ ውስጥ ከአንድ ወዳጄ አጠገብ ተቀምጬ ያሳለፍሁትን ያን ከሰዓት በኋላ ግን አልረሳሁትም።

ወዳጄ ምትኩ ይባላል፤ የጨንቻ ሸማኔ ልጅ ነው። የመመረቂያ ሥራው የጥለት ቀለማት ገና ሳይሸመኑ ምን እንደሚመስሉ በኮምፒዩተር የሚያሳይ ፕሮግራም ነበር። አባቱ በጽኑ ታመው ስለነበር ላፕቶፑን ይዞ ወደ ጨንቻ ሊሄድና አጠገባቸው ሆኖ ሊጨርስ ወሰነ።

«አባቴ ጥለቱን ሳታሳየኝ እንዳትመረቅ ብሎኛል» አለኝ እየሳቀ።

በጃቫ ፕሮግራም ለመሥራት ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንዱ ፕሮግራሙ የሚጻፍበት ሶፍትዌር ነው፤ ሌላው የተጻፈውን የሚያስኬደው ራሱ ጃቫ ነው። ያለ ሁለተኛው የመጀመሪያው እንኳ አይከፈትም። ሁለቱ ለየብቻም፣ በአንድ ጥቅል ተያይዘውም ይገኛሉ። የምትኩ ላፕቶፕ በቫይረስ ምክንያት ተደምስሶ ስለነበር ሁለቱም ያስፈልጉት ነበር። የጀመረው ሥራ የተረፈበትን ፍላሽ ሰጠኝና «ጥቅሉን ጫንልኝ» አለኝ።

«ጥቅል የሚወስደው የሚያደርገውን የማያውቅ ሰው ነው» አልሁት። «ለየብቻ መርጬ እሰጥሃለሁ።»

«አንተ ፕሮፌሰር፣ እኔ የምሄደው ተራራ ላይ ነው። አንድ ነገር ቢጎድል ከማን እለምናለሁ?»

«አይጎድልም።»

በዚያን ጊዜ ነገሮችን ለይቶ መውሰድ የዕውቀት ምልክት ይመስለኝ ነበር። ሶፍትዌሩን አወረድሁ፤ ጃቫውን ግን ከላቦራቶሪው አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ገለበጥሁ። ለእሱ አሮጌ ላፕቶፕ ይስማማ እንደሆነ አልመረመርሁም።

ጨንቻ በገባ በማግስቱ ከአጎቱ ስልክ ደወለልኝ። «አልከፈት አለኝ። ጃቫው ለዚህ ኮምፒዩተር አይሆንም ይላል።» ጥፋቴ ወዲያው ገባኝ። ቀጥሎም «ልታመጣልኝ ትችላለህ? አባቴን ትቼ መውረዱ ከበደኝ» አለ።

የራሴን ሥራ የማቀርብበት ልምምድ እንዳለብኝ ነገርሁት። ከቻለ እሱ እንዲወርድ፣ በዚያው ቀን እንደሚመለስ አስረዳሁት። ምክንያቴ ውሸት አልነበረም፤ ግን በቂም አልነበረም።

አባቱን ትቶ ለመነሣት አንድ ቀን አመነታ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወረደ። ጥቅሉ ከኢንተርኔት ወርዶ እስኪያልቅ እኩለ ቀን ሆነ። በዚያ መሐል ምትኩ ሙዝ ሊገዛ ወጣ፤ አባቱ ከሙዝ በቀር የሚውጡት ምግብ አልነበረም። ገና ሳይመለስ ስልኬ ጮኸ። አጎቱ ነበሩ።

«የምትኩ ጓደኛ ነህ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ወንድሜ አርፏል። መንገድ ላይ እንዳትነግረው። ብቻውን እንዳይመጣ፤ ይዘኸው ና።»

ምትኩ ሙዙን ይዞ ሲመለስ «እኔም አብሬህ እወጣለሁ» አልሁት።

«ልምምድህስ?»

«ቀርቷል።»

«ጸጽቶሃል ማለት ነው» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

ሚኒባሱ የቆላውን ሙቀት ለቆ ዳገቱን ሲጀምር ዝናብ ያዘን፤ ከፍ እያልን ስንሄድ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው። ምትኩ ሙዙን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር። ፍላሹ በሸሚዙ ኪስ ውስጥ መኖሩን በእጁ እየነካ ያረጋግጥ ነበር።

«አባቴን የሽመናው ዕቃ መጥቶ ክሩ አልሆነም አልኩት» አለኝ። «'ታዲያ ክር ያጣ ሸማኔ ቁጭ ይላል? ውረድና አምጣ' ብሎ ራሱ ነው የላከኝ። ዛሬ ስገባ መጀመሪያ እሱን ነው የማሳየው።»

ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ አላውቅም። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የወሰደኝ መስዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። እሱም እንዳይቀሰቅሰኝ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከጎኑ ካለው ተሳፋሪ ጋር ያወራ ጀመር።

ከመኪናው ወርደን ወደ ቤታቸው ስንቃረብ ሰዎች በቀርከሃው አጥር ዙሪያ ቆመው አየን። ምትኩ ቆመ።

«ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ከየት ጀምሮ?»

«ከአርባ ምንጭ።»

ሙዙን አቀበለኝና እየሮጠ ገባ። እኔ የሙዙን ዘለላ ታቅፌ በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት ቀረሁ። የት እንደማስቀምጠው አላወቅሁም።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ የማስረከቢያው ጊዜ ስለደረሰ፣ ላፕቶፑን አብረን ከፈትን። ጥቅሉ አንዳች ሳይጠይቀን በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን አደላደለ። ጥለቱ በስክሪኑ ላይ ወጣ። ራሳቸውም ሸማኔ የሆኑት አጎቱ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«አባትህ ይህን ቀይ ከቢጫው ጋር እንዲህ አያስጠጋውም ነበር» አሉ።

ምትኩ ከፕሮግራሙ አንድ መስመር ለወጠ፤ ቀዩም ራቅ አለ።

አሁን በዚያው ከተማ ፕሮግራም አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ ጥቅሉን እሰጣለሁ። አልፎ አልፎ አንዱ ፈገግ ብሎ «መምህር፣ እኔ ለየብቻ አወርዳለሁ» ይለኛል። አልከራከረውም፤ ጥቅሉንም ጨምሬ እሰጠዋለሁ።

ምትኩ በዚያው ዓመት ተመረቀ። እስከ ዛሬ እንደዋወላለን፤ ስለዚያ ሰኔ አንሥቶ ወቅሶኝ አያውቅም። እኔ ግን የአጎቱ ቃል ትዝ ባለኝ ቁጥር ቀኖቹን መልሼ አስባለሁ። ያን ቀይ ቀለም አባትየው በገዛ ዓይናቸው አይተው ሊያርሙት ይችሉ ነበር፤ ልጃቸው ከጎናቸው ነበር፣ ላፕቶፑም ክፍት ነበር።