ማፖቹ የማስተዋል ናቸው

አላምን ብዬ ማስተዋል ስልክ ላይ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። በሦስተኛው እህቷ አንስታ "እውነት ነው፤ ማስተዋል ዛሬ ጠዋት አረፈች" አለችኝ። ኩላሊቷን ታማ ጎንደር ሆስፒታል መተኛቷን አውቃለሁ። ግን ባለፈው ሳምንት እኮ በስልክ "ሰኞ እወጣለሁ፣ ሱቁን አስጠርግልኝ" ብላኝ ነበር!

ከሐዘኑ ንዴቱ በልጧል።

ለማታውቋት፦ ማስተዋል ደባርቅ መነኸሪያው ፊት ለፊት የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነበራት። ፈተና ለማባዛት ስመላለስ ነው የተዋወቅነው። ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው ሲጠፋ፣ ሁለት ሰው ተራ በተራ ለሚጫወተው የጦርነት ጌም የራሷን ማፕ ትሠራለች። ተራራውን፣ ወንዙን፣ ከተማውን እሷ ታስቀምጣለች፤ ሌላው ይዋጋበታል። መብራት ሲሄድ የሒሳብ ደብተር ላይ ካሬ በካሬ ትስለዋለች።

አንድ ቅዳሜ ተራራውንና ገደሉን ልናይ ኮሶዬ ሄድን። እኔ ፎቶ ሳነሳ እሷ ገደሉን እያየች በጣቷ ትቆጥራለች።

"ምንድን ነው የምትቆጥሪው?"

"ፈረሰኛ ከዚህ ተነስቶ ማዶ በስንት ተራ እንደሚደርስ።"

አዲስ ማፕ ስትጨርስ እኔ ላይ ትሞክረዋለች። በቀላሉ ካሸነፈችኝ ደስ አይላትም። "ቆይ መምህር፣ በኔ በኩል ወንዝ አለ፣ ባንተ በኩል የለም። ውሃ ለሁለቱም ነው!" ብላ የሳምንት ሥራዋን ታፈርሰዋለች። "ውሃ ለሁለቱም ነው!" ሁሌ የምትለው ይህንኑ ነበር።

አንድ ጊዜ ኮምፒውተሯ ተበላሽቶ የሚጠግን ሰውዬ ከጎንደር መጣ። ጠገነላት፤ ማፖቿንም በፍላሽ ገልብጦ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ የጌሙ ተጫዋቾች ፌስቡክ ግሩፕ ላይ በራሱ ስም ለጠፋቸው። እሷ "የኔ ናቸው" ብላ ጻፈች። እሱ ምን ብሎ መለሰ? "ደባርቅ ያለች ታይፒስት ናት ማፕ የምትሠራው?" ስንቱ ሳቀ! እኔም አይቼ ዝም አልኩ። አልክድም።

እሷ ግን አልተወችውም። ሌላ ጊዜ ለሥራ ደባርቅ ሲመጣ ጠርታ፣ ደንበኞቿ ፊት "ና፣ ማፕህ ላይ ግጠመኝ" አለችው። ማፑ ላይ በጉም የተሸፈነ መተላለፊያ አለ፤ የሠራው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ሰውዬው ሠራዊቱን ሁሉ ወደ ገደሉ ነዳው። በዘጠነኛው ተራ ከተማውን ወሰደችበት።

"ማውሱ አይሠራም" አለ።

ማስተዋል ማውሱን ነቅላ ሌላ ሰካችለት። "ድገም።"

ሥራ አለብኝ ብሎ ወጣ። መነኸሪያው ድረስ ነው ሳቃችን የሸኘው።

ዛሬ ሬሳዋ ቤቷ ሳይደርስ ይኸው ሰውዬ ፎቶዋን ለጥፎ ምን ብሎ ጻፈ? "ጎበዝ ተማሪዬ ነበረች። ማፕ አሠራር ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ነፍሷን ይማር።" ሰው ሁሉ ያጽናናዋል!

ደብተሯና የማፖቿ ፋይሎች፣ ለሕክምና ስትሄድ ሰጥታኝ፣ እኔ ጋ ናቸው። ገጾቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንስቼ፣ ዋናዎቹን ፋይሎች ከተሠሩበት ቀን ጋር ጨምሬ ግሩፑ ላይ ለቀቅኳቸው። ሰውዬው ወዲያው ደወለ። "በሐዘን ቀን እንዲህ አይደረግም፤ አጥፋው" ይለኛል። አላጠፋም አልኩት። እሷ በሕይወት እያለች ያላፈረ ሰው ዛሬ ሐዘን ያስተምረኛል?

ስምህን እዚህ ያልጻፍኩት ራርቼልህ አይደለም። ከእሷ ስም ጋር አንድ ገጽ ላይ እንዳይውል ነው።

ይህን እየጻፍኩ የግሩፑ ኃላፊ ማፖቹን ከሱ ስም አውርዶ በማስተዋል ስም ጫናቸው። የሳቃችሁም ሄዳችሁ እዩ።

ማስተዋልዬ፣ ያ ሰውዬ ነገ ቀብርሽ ላይ እመጣለሁ ብሏል አሉ። ይምጣ። ለቀስተኛው ፊት አቁሜ ምን እንዳስተማረሽ እጠይቀዋለሁ።

ደህና ሁኚ እህቴ። አንቺ ዕረፊ፤ እኔ ገና አላረፍኩም።