የወንድሜ ማበጠሪያ

ዛሬ ጠዋት በስልኬ ማበጠሪያዬን አስጠግቼ ፎቶ ሳነሳ፣ በጥርሱ መሀል የቀረው ጸጉር እንደ ገመድ ወፍሮ ታየኝ።

በደርግ ጊዜ ቦሌ ሳለን ወንድሜን ከቤት ወሰዱት። እናቴ ፍተሻ ፈርታ ፎቶግራፎቹን በሙሉ አቃጠለች። ቤቱን የፎቶ ጭስ ሳይለቀው፣ ፎቶ አንሺው አባቴ እንዲያጎላላቸው የካሜራውን ሌንስ ፈተው ገልብጠው ካሜራው ላይ ደግፈው ያዙና፣ ጸጉሩ በቀረበት የወንድሜ ማበጠሪያ ላይ መስኮቱ ስር አጎንብሰው ፎቶ ማንሳት ጀመሩ።

«አባባ፣ ማበጠሪያ ምን ያደርግልዎታል?»

«ይሄን ቢያገኙት ማን እንደሆነ አያውቁም» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «እኛ ግን እናውቀዋለን።»

አባቴ ያን ቀን ያነሱት ፎቶ አሁን ሲኤምሲ፣ ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሏል። እንግዶች ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «ማበጠሪያ ነው» እላለሁ። አባቴ «እኛ» ካሏቸው የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።